የላኪው ዕዳ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በሂውስተን፣ ቴክሳስ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ረጅም ዘመን የሠሩ ነርስ፤ ሌላው የወንድማቸው ልጅ፣ አጥንትን የሚያጠና ወጣት ተመራማሪ። ጉዳያቸው የአሜሪካ መንግሥት ረጅም የጠፈር ጉዞ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክስት፦ እንደ ግብር ከፋይ ነው የምጠይቅህ። ከሌሊት ፈረቃዬ ደሞዝ ላይ እየተቆረጠ የሚሄደው ገንዘብ ጠፈር ላይ ከርሞ ለሚመጣ ሰው አጥንት ጥናት ይውላል። እኔ በማድርበት ፎቅ ደግሞ ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት አሮጊት አሉ። ቆመው ለመሄድ ጥቂት ሳምንት ልምምድ ሲቀራቸው ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አልከፍልም አለ፤ አልጋ ላይ ቀሩ። ለእሳቸው ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ልጅ፦ ልክ ነዎት እትዬ፣ ከዚያ ነው መጀመር ያለብን። ብቻ የገንዘቡን ልክ አስቀድመን እንወቀው። ናሳ ይህን ሥራ የሚያካሂድበት የሰው ምርምር ፕሮግራም የሚባል ክፍል አለው፤ በ2005 የተቋቋመ ነው፣ መቀመጫውም እዚሁ ሂውስተን፣ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል። በዓመት የሚመደብለት ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የናሳ ጠቅላላ በጀት በ2024 ወደ 25 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር፤ እሱም ቢሆን የፌዴራሉ መንግሥት ከሚያወጣው ከመቶ ግማሽ እጅ አይሞላም። የምድሩን ሕመም የሚያጠኑት ብሔራዊ የጤና ተቋማት በዚያው ጊዜ 47 ቢሊዮን ያህል ነበራቸው። ለጠፈርተኞች ጤና ጥናት የሚውለው ለአገሩ ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ግማሽ ዶላር አይደርስም።

አክስት፦ ትንሽ ነው ማለት መልስ አይሆንም። ሃምሳ ሳንቲምም ቢሆን ያለ ምክንያት ከወጣ ያለ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ «ይህ ምርምር ነገ ለእርስዎ በሽተኞች መድኃኒት ያመጣል» ልትለኝ ነው። እሱን በቴሌቪዥን ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

ልጅ፦ አልልዎትም። የተገኘ ጥቅም የለም ማለቴ አይደለም። ዲትሮይት በሚገኘው ሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል የሚሠሩት ስኮት ዱልቻቭስኪና ባልደረቦቻቸው ሐኪም ያልሆነ ጠፈርተኛ ከምድር በሬዲዮ እየተመራ ጓደኛውን በአልትራሳውንድ እንዲመረምር አድርገዋል፤ ይህ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሁሉ የሚጠቅም ሙያ ነው። ነገር ግን ዓላማችን የአረጋውያንን ዳሌ ማዳን ከሆነ ገንዘቡን በቀጥታ ለእነሱ መስጠት ነው እንጂ በጠፈር በኩል መዞር ምን ያደርጋል? እኔ የምቆምበት ምክንያት ሌላ ነው። ጠፈርተኞቹ የመንግሥት መልእክተኞች ናቸው። ሰውን ወደዚያ የሚልክ መንግሥት እዚያ ምን እንደሚያገኘው የማወቅ ግዴታ አለበት። በእኔ እምነት ይህ ገንዘብ ዕዳ ነው።

አክስት፦ ዕዳ ካልክ እሰማሃለሁ። ግን ሰው ወደ ጠፈር መሄድ ከጀመረ ስልሳ ዓመት አለፈው። እስካሁን ምን ሲያጠኑ ነበር?

ልጅ፦ የታወቀው ብዙ ነው። ሥራዬ ስለሆነ ከአጥንት ልጀምር። አጥንት ላይ አንዱ ወገን እንደሚያፈርሰው ሌላው ደግሞ እንደሚገነባው ቤት ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ይሠሩበታል። ገንቢዎቹን የሚያነቃቃቸው የሚሸከሙት ክብደት ነው። ክብደት ሲጠፋ አፍራሾቹ ይቀጥላሉ፣ ገንቢዎቹ ይደክማሉ። የዳሌና የእግር አጥንት በጠፈር ላይ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ማዕድኑን ያጣል። ምድር ላይ አንድ አረጋዊ ይህን ያህል የሚያጣው በዓመት ነው።

አክስት፦ የሚወጣው ካልሲየምስ የት ይሄዳል? በኩላሊት ነው የሚወጣው።

ልጅ፦ በኩላሊት።

አክስት፦ ታዲያ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። አልጋ ላይ የከረመ በሽተኛ ላይ አይቼዋለሁ። ያንን ሕመም ምድር ላይ፣ ማስታገሻው ከአጠገባችን ሆኖ፣ ሰው ሲጮህበት ያደርኩበት ጊዜ አለ። ሐኪም በሌለበት ቢነሣበት ያ ሰው ምን ይሆናል?

ልጅ፦ ከሚያስፈሩን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ደግሞ እርስዎ «አልጋ ላይ የከረመ» ያሉት ለእኛ መመራመሪያችን ነው። በ2019 ናሳ፣ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና የጀርመኑ የጠፈር ማዕከል አንድ ላይ ሆነው ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ጤነኛ ፈቃደኞችን 60 ቀን አስተኝተዋቸዋል። አልጋው በራስጌው በኩል 6 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው፤ ደምና ውኃ ወደ ጭንቅላት እንዲያዘነብል፣ ልክ ክብደት በሌለበት እንደሚሆነው። ሲበሉም፣ ሲታጠቡም፣ ሲጸዳዱም ቀና ማለት የለም። አንዳንዶቹን በቀን ለ30 ደቂቃ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አድርገው ሰው ሠራሽ ክብደት ሰጧቸው፤ ያ ከጉዳቱ ይከላከል እንደሆነ ለማየት።

አክስት፦ ስድሳ ቀን! እኛ አንድን ሰው ያለ ምክንያት ሁለት ቀን ካስተኛን ያስጠይቀናል። ጡንቻው እንዴት እንደሚሟሽሽ፣ ጀርባው እንዴት እንደሚቆስል እኔ ነኝ የማውቀው። ለእነዚህ ፈቃደኞች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ሰው ስለ ጠፈር ሲያወራ ስለ ሮኬቱ ነው የሚያወራው፤ ስለተኙት ሰዎች የሚናገር አልሰማሁም።

ልጅ፦ ስለ እነሱ መነገር ነበረበት። ከእንዲህ ያለ ምርምር የመጣ ለውጥም አለ። ጠፈርተኞች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራሉ። በ2008 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተተከለው ክብደት ማንሻ መሣሪያ ከበፊቶቹ እጅግ የበረታ ነው። በ2013 የወጣ የአሜሪካና የጃፓን ጥናት ደግሞ በሳምንት አንድ የአለንድሮኔት ክኒን ከዚያ ስፖርት ጋር ሲጨመር አጥንቱን በደንብ እንደሚጠብቅ አሳይቷል።

አክስት፦ አለንድሮኔት እኮ የእኔ አሮጊቶች የሚውጡት ነው! ለእነሱ የተሠራው መድኃኒት ወደ ጠፈር ሄደ በለኛ። በቴሌቪዥን የሚነገረው የተገላቢጦሹ ነበር።

ልጅ፦ እውነቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። በምድር ሕሙማን ላይ የተገኘ እውቀት ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ሆኖም ነገሩ ተፈትቷል ማለት አይደለም። በ2022 በወጣ ጥናት የካናዳ ተመራማሪዎች 17 ጠፈርተኞችን ከተመለሱ በኋላ ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር። ከዓመት በኋላም ከግማሽ የሚበልጡት የቅልጥማቸው አጥንት ወደነበረበት አልተመለሰም። እነዚህ ስድስት ወር ያህል የቆዩ ናቸው። የማርስ ጉዞ ደርሶ መልሱ ሦስት ዓመት ገደማ ነው።

አክስት፦ ከአጥንት ሌላስ? የዚያች ደም የረጋባት ጠፈርተኛ ነገር እውነት ነው? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነግራኝ ነበር።

ልጅ፦ እውነት ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን ጽሑፉ ለምስጢር ሲባል አይናገርም። በጥር 2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ጠፈርተኛው ጣቢያው ላይ ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፣ ምንም ሳያመው፣ ለጥናት ተብሎ አንገቱን በአልትራሳውንድ ሲመረምር በግራ በኩል ባለው ትልቁ የአንገት ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ሕመም አልነበረውም። ጥናቱ ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር።

አክስት፦ በእግዚአብሔር! የእግር ቢሆን ይሻላል፣ የአንገት! ከዚያ ተነቅሎ ሳንባ ቢገባስ? ምን አደረጉ?

ልጅ፦ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የደም መርጋት ሊቅ የሆኑት ዶክተር ስቴፋን ሞል ተጠርተው ከናሳ ሐኪሞች ጋር መከሩ። ጣቢያው ላይ በመርፌ የሚሰጥ ደም ማቅጠኛ ነበር፤ ግን ጥቂት ነው። እሱን እያብቃቁ ቆዩና የክኒኑ ዓይነት በዕቃ ጫኝ መንኮራኩር ተላከላቸው። ጠፈርተኛው ጉዞውን ጨርሶ በሰላም ተመለሰ።

አክስት፦ ደም ማቅጠኛ ስትሰጥ እኮ ሰውየው ቢወድቅ፣ ቢደማ ማቆሚያውም አብሮ መኖር አለበት። እኛ ጋ ያ ከሌለ መርፌውን አንነካም። ወደ ማርስ የሚሄደው መንኮራኩር ላይ በዕቃ ጫኝ የሚላክ ነገር አለ?

ልጅ፦ የለም። የያዙትን ይዘው ነው። ሐኪም ልደውል ቢሉም አንድ ቃል ከማርስ ወደ ምድር ለመድረስ፣ ሁለቱ ዓለማት እጅግ በሚራራቁበት ጊዜ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ መልሱም እንዲሁ። ምን እንደሚጫን፣ ምን ያህል እንደሚጫን፣ የትኛው መድኃኒት ሦስት ዓመት ሳይበላሽ እንደሚቆይ አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል። ሶቪየቶች ይህን በ1985 ቀምሰውታል። የሳልዩት 7 አዛዥ የነበረው ቭላድሚር ቫስዩቲን ታሞ ለወራት የታቀደው ቆይታ በ65ኛው ቀን ተቋርጦ ሁሉም ወደ ምድር ወረዱ። እሱን ያዳነው ምድር ቅርብ መሆኗ ነው።

አክስት፦ ዓይንም ይጎዳል ይባላል።

ልጅ፦ ይጎዳል። በ2011 የዓይን ሐኪሞችና የናሳ ሰዎች ስለ 7 ጠፈርተኞች የጻፉት ጥናት የዓይን ኳስ ከኋላው ጠፍጠፍ እንደሚል፣ የዓይን ነርቭ መግቢያም እንደሚያብጥ አሳየ። ወደ 300 የሚሆኑ ጠፈርተኞች ሲጠየቁ ደግሞ ረጅም ከቆዩት ከመቶ 60 ያህሉ እይታቸው እንደተለወጠ ተናግረው ነበር። ያውም ሰው ለዓመታት ረጅም ጉዞ ሲሄድ ከኖረ በኋላ የተደረሰበት ነገር ነው።

አክስት፦ ለምን እስከዚያ ሳይታወቅ ቀረ?

ልጅ፦ ይህን ስለጠየቁኝ ደስ ይለኛል፤ የገንዘቡ ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1973 እና 74 አሜሪካ ስካይላብ የሚባል ጣቢያ ነበራት። ሦስት ቡድኖች 28፣ 59 እና 84 ቀን ቆዩበት። ሐኪሞቹ የሚበሉትን እየመዘኑ፣ የሚወጣቸውን እየለኩ ካልሲየም ከአጥንት እንደሚሸሽ ያኔውኑ አዩ። ከዚያ ተቋረጠ። የካቲት 1974 የመጨረሻው ቡድን ከወረደ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ለወራት ጠፈር ላይ የቆየው በ1995 ነው፤ ያውም ኖርማን ታጋርድ በሩሲያው ሚር ጣቢያ በእንግድነት ገብቶ። በመካከል 21 ዓመት አለፈ። የስካይላቡን ሥራ የያዙ ሰዎች አረጁ፣ ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሶቪየቶች፣ ኋላም ሩሲያውያን፣ ይለኩ ነበር፤ ሐኪሙ ቫለሪ ፖልያኮቭ ከ1994 እስከ 1995 ሚር ላይ ያለማቋረጥ 437 ቀን ቆይቷል። እስከ ዛሬ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል የቆየ የለም።

አክስት፦ ሐኪም ራሱን ነው የመረመረው?

ልጅ፦ አዎ፣ ራሱን። ሰው ወደ ማርስ ሄዶ ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ ማሳየት ነበር ምኞቱ። ካዛኪስታን ላይ ሲያርፍ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ጥቂት ርምጃ በእግሩ ሄዷል።

አክስት፦ ያ ሰው መከበር አለበት። ግን መቋረጡን ስትነግረኝ አንድ ነገር ገባኝ። እኛም ጋ የሕመምተኛ ክትትል መዝገብ አንድ ወር ከተቋረጠ በፊት የተጻፈውም ዋጋ ያጣል።

ልጅ፦ ሌላም አለ፣ የሚያንገበግበኝ። በምድር ክብደትና በክብደት አልባነት መካከል ያለውን አናውቅም። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ያህል ነው። ይህ ለአጥንት ይበቃል? ግማሹን ጉዳት ይከላከላል? ማንም አያውቅም። ጨረቃ ላይ የረገጡት 12 ሰዎች ናቸው፤ ብዙ የቆዩት የአፖሎ 17ቱ እንኳ 75 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰው በከፊል ስበት ውስጥ ያሳለፈው ሙሉ ልምድ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት ጣቢያው ላይ ትልቅ የማሽከርከሪያ ክፍል ሊገጠም ታቅዶ ነበር፤ አይጦችን በተለያየ ፍጥነት እያሽከረከረ የጨረቃን፣ የማርስን፣ የምድርን ስበት የሚሰጥ። ጃፓኖች ቀፎውን ሠሩት። በ2005 ናሳ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ሰረዘው። ቀፎው አሁን ጃፓን ውስጥ ጹኩባ በሚባለው የጠፈር ማዕከል ደጅ ላይ ለጎብኚ ተቀምጧል።

አክስት፦ ተሠርቶ?

ልጅ፦ ተሠርቶ። ጃፓኖች ኋላ ላይ በራሳቸው ክፍል ውስጥ አነስ ያለ የአይጥ ማሽከርከሪያ ገጥመዋል፤ ጥሩ ሥራም እየወጣበት ነው። ትልቁ ግን ቀረ። ሰረዝን ብለው ያተረፉት ገንዘብ ነው፤ ያጡት ደግሞ ሰው ማርስ ላይ አንድ ዓመት ተኩል ቢቆይ እግሩ ይሸከመው እንደሆነ የሚነግራቸውን ሃያ ዓመት ሙሉ የሚከማች እውቀት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጠባ እኔ ብክነት እለዋለሁ።

አክስት፦ ጨረሩስ? እኔ እሱን ነው የምፈራው። ራጅ ክፍል የሚሠሩት ልጆች ደረታቸው ላይ መለኪያ ያንጠለጥላሉ፤ ልኩ ሲሞላ ከሥራ ይወጣሉ።

ልጅ፦ የጠፈርተኞችም እንዲሁ ነው። የሕይወት ዘመን ገደባቸው 600 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ናሳ በ2022 ያጸናው። ኪውሪዮሲቲ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ማርስ ስትጓዝ ጨረራን ትለካ ነበር። በ2013 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ስሌት ደርሶ መልስ ጉዞው ብቻ፣ ማርስ ላይ የሚቆዩበት ሳይጨመር፣ 660 ሚሊ ሲቨርት ገደማ እንደሚሆን ያሳያል።

አክስት፦ ገና ሳያርፉ ገደቡን አለፉት ማለት ነው?

ልጅ፦ በዚያ ስሌት አዎ። የጠፈሩ ጨረራ ደግሞ የራጅ ዓይነት አይደለም፤ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣ ከባድ ቅንጣት አለበት፣ ሕዋሱን በስቶ የሚያልፍ። እሱን ምድር ላይ ለመሥራት በኒው ዮርክ፣ ብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ አንድ የናሳ ላቦራቶሪ አለ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ማንም የግል ድርጅት ለትርፍ አይሠራም።

አክስት፦ ሴቶቹስ? ለሴት ገደቡ ያንሳል ሲባል ሰምቻለሁ።

ልጅ፦ ያንስ ነበር። በፊት ገደቡ በዕድሜና በጾታ ይለያይ ስለነበር ሴት ከወንድ ቀድማ ትሞላለች፤ ከዚያ መብረር የለም። አሁን ለሁሉም አንድ ሆኗል፤ የተሰላውም በ35 ዓመት ሴት አካል ላይ ነው፣ ይበልጥ የምትጎዳዋን መነሻ አድርጎ።

አክስት፦ እሱ ጥሩ ነው። ሴቷን ከመከልከል ሁሉንም በእሷ ልክ መጠበቅ። ጥናት ሲጎድል ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ ይታይሃል? ያልተጠናው ሰው ላይ ነው። መድኃኒት በወንድ ተፈትኖ ለሴት ሲሰጥ የኖረውን እኛ ነርሶች እናውቃለን። ለመሆኑ የተመለሱትንስ ማን ያክማቸዋል? ወደ ላይ ሲሄዱ ነው ጭብጨባው። ሥራ ከለቀቁ ከአሥር ዓመት በኋላ ካንሰር ቢይዛቸውስ?

ልጅ፦ እዚህ ላይ አገሪቱ ለብዙ ዘመን ዕዳዋን አልከፈለችም። ጡረታ የወጣ ጠፈርተኛ በፈቃዱ በዓመት አንድ ጊዜ ሂውስተን መጥቶ ይመረመር ነበር፤ መረጃው ለናሳ ይጠቅማል። ሕመም ቢገኝበት ግን ሂድና በራስህ ኢንሹራንስ ታከም ነው።

አክስት፦ መረጃውን ወስደው ሰውየውን ሸኙት በለኛ!

ልጅ፦ በ2014 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በጆንስ ሆፕኪንሱ የሥነ ምግባር ሊቅ ጄፍሪ ካን ሰብሳቢነት ያዘጋጀው ዘገባ ይህን በግልጽ አነሣው። ከዘረዘራቸው መርሆች አንዱ ታማኝነት ነው፤ ለአገር ብሎ አደጋ የተቀበለውን ሰው አገር ዕድሜ ልኩን ልትጠብቀው ይገባል የሚል። በ2016 እነ ጠፈርተኛ ስኮት ኬሊ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። ኬሊ 340 ቀን ጣቢያው ላይ ቆይቶ መመለሱ ነበር፤ መንትያው ማርክ ምድር ላይ ሆኖ ሁለቱ ሲነጻጸሩ የነበሩት ናቸው። በመጋቢት 2017 ሕጉ ወጣ። አሁን ናሳ የቀድሞ ጠፈርተኞችን ከበረራው ጋር ለተያያዘ ሕመም መከታተልም ማከምም ይችላል።

አክስት፦ የመጀመሪያው ሰው ከተላከ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ይሁን፣ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ከነገርከኝ ልቤ የተቀበለው እሱን ነው።

ልጅ፦ እኔም ከሮኬቱ ይልቅ በእሱ ነው የምኮራው።

አክስት፦ አሁን ግን ባለ ሀብቶቹም በራሳቸው ገንዘብ ይሄዳሉ። ለምን እነሱ አይከፍሉም?

ልጅ፦ የሚረዱበት መንገድ አለ። እዚሁ ሂውስተን ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ በናሳ ገንዘብ የሚሠራ የጠፈር ጤና ምርምር ተቋም አለ፤ ከግል በራሪዎችም ፈቃዳቸውን እየጠየቀ መረጃ ይሰበስባል። በ2021 ኢንስፒሬሽን 4 በተባለው በረራ የሄዱት አራት ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ብዙ ጽሑፍ ወጥቶበታል። ግን ያ በረራ ሦስት ቀን ነው። የሦስት ዓመት ነገር በሦስት ቀን አይታወቅም። ደግሞ ያስቡት፣ ጠፈር ደርሶ የተመለሰው ሰው በጠቅላላው ጥቂት መቶዎች ነው። ለዚህ ቁጥር ገበያ ብሎ መድኃኒት የሚፈትን ኩባንያ የለም። የሕዝብ ገንዘብ ካልገባበት ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል። የግል ኩባንያ ቢያጠናም ውጤቱን ለተፎካካሪው የማሳየት ግዴታ የለበትም፤ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘው ግን ለሕዝብ ሊታይ ይችላል።

አክስት፦ ናሳስ የተሰጠውን በአግባቡ ይሠራበታል?

ልጅ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በጥቅምት 2015 የናሳው የራሱ ኢንስፔክተር ጀነራል የጤና አደጋዎቹን ለመፍታት የተያዘው የጊዜ ሰሌዳ ከልክ በላይ ተስፈኛ ነው ብሎ ጽፏል። ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪም ያስፈልጋል።

አክስት፦ እንደዚህ ሲነገረኝ ነው የምተማመነው። አሁን ደግሞ ገንዘቡ ሊቀነስ ነው ሲባል ነበር።

ልጅ፦ በግንቦት 2025 ዋይት ሐውስ ለ2026 ያቀረበው የበጀት ጥያቄ የናሳን ገንዘብ ከ24.8 ቢሊዮን ወደ 18.8 ቢሊዮን የሚያወርድ ነበር። በጣቢያው ላይ የሚኖሩት ሰዎችም የሚሠራው ምርምርም እንዲቀንስ ይጠይቃል። በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ ማርስ ለመሄድ ከ1 ቢሊዮን በላይ አዲስ ገንዘብ ተጠይቋል። እኔን ያሳዘነኝ የሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መገኘት ነው። መላኩን ያፋጥናል፣ ማወቁን ይቀንሳል። ጣቢያውም ቢሆን ዕድሜው እያለቀ ነው፤ ዕቅዱ እስከ 2030 አገልግሎ ከዚያ ወደ ውቅያኖስ እንዲወርድ ነው። የሚያወርደውን መንኮራኩር እንዲሠራ ስፔስኤክስ በ2024 እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ተሰጥቶታል።

አክስት፦ ለማውረጃው ብቻ ያን ያህል? ለጤናው ጥናት ከሚመደበው የአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው።

ልጅ፦ ማውረጃው አስፈላጊ ነው፤ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። ነገር ግን ከመውረዱ በፊት የቀረው ጊዜ ውድ ነው። ሰው ስድስት ወር ሳይሆን ዓመት፣ ከዓመትም በላይ ቆይቶ የሚጠናበት ሌላ ቦታ አሜሪካ የላትም። ጠፈርተኛው ፍራንክ ሩቢዮ ከ2022 እስከ 2023 ለ371 ቀን ቆይቷል፤ እሱም የሚመልሰው መንኮራኩር ስለተበላሸ እንጂ አስቀድሞ ታቅዶ አይደለም። ከዓመት በላይ የቆዩት ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። በዚያ ቁጥር ላይ ቆመን ሰው ለሦስት ዓመት እንልካለን።

አክስት፦ እሺ፤ የእኔን ሐሳብ ልንገርህ። እኚያ አሮጊት የተነፈጉት ልምምድ አሁንም ያበሳጨኛል፤ በእሱ አልተስማማሁም፣ አልስማማምም። ግን የእሳቸውን ሕክምና የወሰደው ያንተ ጠፈርተኛ አይደለም። እሳቸው የተነፈጉት በሌላ ሰው ስስት ነው፤ እሱን ለብቻው እጣላዋለሁ። ይህኛውን ግን እከፍላለሁ። የምከፍለውም በሦስት ነገር ከተስማማን ነው፤ ሴቷም ወንዱም እኩል ይጠና፣ ውጤቱ ለማንም ክፍት ይሁን፣ የተመለሰው ሰው እስኪሞት ይታከም። ሳያጠኑ ለመላክ ከሆነ ደግሞ አይላክ፤ አልከፍልም።

ልጅ፦ «ሳያጠኑ አይላክ» ያሉትን እኔ ደፍሬ ባልተናገርኩት።

አክስት፦ ነርስ ነኝ፤ ሳይመረመር ወደ ቀዶ ጥገና የሚገባ በሽተኛ አይቼ ዝም አልልም። ለማን ነው የሚጻፈው?

ልጅ፦ ለአካባቢዎ የኮንግረስ ተወካይና ለሁለቱ የቴክሳስ ሴናተሮች። የናሳ በጀት በየዓመቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የበጀት ኮሚቴዎች ያልፋል፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ዋይት ሐውስ ይጠይቃል እንጂ የሚወስነው ኮንግረስ ነው። የመራጭ ደብዳቤ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ይቆጠራል።

አክስት፦ እንግዲያው እንግሊዝኛውን አንተ ታስተካክልልኛለህ፤ ሐሳቡ የእኔ ነው። በደብሩ ያሉትን ነርሶችም አነጋግራለሁ። በዚህች ከተማ ዜግነት ይዞ ድምፅ የሚሰጥ ሐበሻ ሁሉ ይጻፍ። ግብሩን ከፍለናል፤ ለምን እንደሚውል መናገር መብታችን ነው።